በድንጋይ የተያዘ ተራ

የእርጥብ ጆንያ ሽታ ከሌላ ሽታ ጋር አይምታታም። ናፍጣ፣ ጨውና የሰው ላብ አንድ ላይ ተጠቅልለው የከረሙበት ሽታ ነው። ያን ሰኞ፣ እዚሁ ኮምቦልቻ፣ የሰፈራችን የቅርስ ማኅበር በተሰጠው አሮጌ መጋዘን በር ላይ አንድ እግሬን እንዳስገባሁ ያ ሽታ መጥቶ ፊቴ ላይ ቆመ። ልመለስ ነበር። ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ልመለስ ነበር፤ ጉልበቴ ሁልጊዜ ያመኛልና ማንም አይጠረጥረኝም። ግን የማኅበሩ ሰብሳቢ መምህር ጌታቸው አይቶኝ ኖሮ፣ "እማማ ሐዋ! ኧረ ይግቡ፤ የቤቱ ባለቤት በር ላይ ይቆማል እንዴ?" ብሎ እጄን ይዞ አስገባኝ።

ይህን የምጽፈውም እሱ፣ "ስለ ወደብ ሰፈር የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉልን፤ በመጽሔታችን ይወጣል" ስላለኝ ነው። ትምህርቴ በመሠረተ ትምህርት ጀምሮ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ እንደ ደራሲ አላሳምረውም። ሁሉን ካላችሁኝ ግን ሁሉን ነው የምጽፈው። የሚጣፍጠውን መርጦ መጻፍ ሚዛን መስረቅ ነው።

ለማያውቅ ሰው ልናገር፤ ኮምቦልቻ ባሕር የላትም። ባሕሩ ያለው አሰብ ነው፣ በባቲ ቁልቁል ወርዶ በረሃውን አቋርጦ። ነገር ግን ከአሰብ የሚመጣው መኪና ሁሉ ወደ ደሴ ዳገቱን ከመውጣቱ በፊት እኛ ዘንድ ያድር ነበር፤ አንዳንዱም ጭነቱን እዚሁ ያራግፍ ነበር። ስለዚህ ከቦርከና ድልድይ ወዲህ ያለችውን ሰፈራችንን ሰው ሁሉ "ወደብ" ይላት ነበር። "የት ነው የምትኖሪው?" ሲሉኝ "ወደብ" እል ነበር፣ ባሕር በዓይኔ ሳላይ። ዛሬ ደረቅ ወደብ የሚሉት መጥቶ ኮንቴይነሩን ክሬን ሲያነሳው እያየሁ በልቤ እስቃለሁ። እኛ ክሬን ሳይኖር በሰው ጀርባ ወደብ ነበርን። ከመኪና ማቆሚያው በር አጠገብ፣ ከዋርካው ሥር፣ ሻይ እሸጥ ነበር፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዳቦ ሲጨመርበት ሃያ አምስት። ሹፌሮቹ ተርጋል ሱሪ በሽንጣቸው ልክ አሰፍተው፣ ጸጉራቸውን ቅባት አጠጥተው ሲመጡ ሙሽራ ይመስሉ ነበር። ከአሰብ ተምር፣ ናይለን ሻሽ፣ አበባ የተሳለበት ፔርሙስ፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ሬዲዮ ያመጣሉ። ከሬዲዮው፣ ከባሕር ማዶ፣ የዓረብ ዘፈን ይመጣል፤ ከዚህ ወዛደሮቹ ጆንያ እያቀበሉ በራሳቸው ዜማ ይመልሱለታል። አንዷን ዛሬም ድረስ ከአፌ አላጣኋትም፤

የአሰብ ባሕሩ ጨው ነው፣ ጨው ነው ይሉኛል፣
ወርዶ የቀረው ሁሉ፣ ሟሙቶ ይሆናል።

ያኔ ዘፈን መስሎኝ አብሬ አጨበጭብ ነበር።

የሰፈራችን ሕግ ድንጋይ ነበር። ወዛደሩ ንጋት ላይ ሲመጣ የራሱን ድንጋይ ከመኪና ማቆሚያው ግንብ ሥር በተራው ያኖራል፤ የጫነው ድንጋዩን አንስቶ ከኋላ ይሰለፋል። ድንጋይህ ካለ አንተ ባትኖርም ተራህ አለ። የሰው ድንጋይ የነካ በዚያ ሰፈር ውሃ የሚያቀብለው አያገኝም። ሰው አገር ቢሄድ፣ ቢታመም፣ ቢታሰር፣ ድንጋዩ ባለበት ይቆያል፤ ተራው ሲደርስ "ይለፍ" ይባልና ወደሚቀጥለው ይኬዳል። ድንጋዩ ጨርሶ የሚነሳው መርዶ ሲመጣ ብቻ ነው። መርዶ ሳይሰማ ድንጋይ ማንሳት ሰውን በቁሙ መቅበር ነውና። እኔ ከዋርካው ሥር ሆኜ ሁሉን ስለማይ ጠብ ሲነሳ ዳኛዋ እኔ ነበርኩ። "ሐዋን ጠይቁ" ይባላል፤ የተናገርኩት ይጸናል። ወንድሜ ሰይድ እንኳ አንድ ቀን ቸኩሎ አንድ ሰው ሊቀድም ቢል በሻይ ማማሰያ እጁን መትቼዋለሁ። "እህቴ ነሽ ወይስ ጠላቴ?" ሲለኝ፣ "ተራ ላይ እህት የለችም" አልኩት። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ።

እንግዲህ ያን ሰኞ መምህር ጌታቸው ይዞኝ ሲገባ ምን አያለሁ! ድንጋዮቹ ታጥበው እንደ ድንች መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል።

"እነዚህን ማን አነሳቸው?" አልኩ።

"እኛ ነን እማማ። ከግንቡ ሥር አፈር በልቷቸው አግኝተን፣ ቆፍረን አውጥተን…"

"ስታወጡ ተራቸውን ጻፋችሁ?"

"የምን ተራ?"

"ወይ ጉድ! ያ ጥቁሩ የይመር ነው። ይመር ከዓሊ ኋላ ነው። በሕይወቱ አንድ ቀን ዓሊን ቀድሞ አያውቅም፤ ዛሬ ሞቶ ታስቀድሙታላችሁ?"

"ለዓይን እንዲያምር ብለን በመጠናቸው ነው የደረደርናቸው።"

"በመጠን! ተራ በመጠን ቢሆንማ ያኔ ወፍራም ብቻ ይበላ ነበር። አንተ ራስህ በዚያ ሆድህ አንደኛ ነበርክ።"

መምህር ጌታቸው እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝና እየጠቆምኩ እንዲያስተካክል ለመነኝ። አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ይሄ የእገሌ፣ ይሄ የእገሌ። እያንዳንዱ ድንጋይ ፊት ነበረው። ወደ መሐል ስደርስ አንድ ነጣ ያለ፣ ጎኑ ላይ እንደ ጉንጭ ስርጉድ የጎደጎደ የወንዝ ድንጋይ ላይ ጣቴ ቆመ።

"ይሄኛውስ?"

"የወንድሜ ነው። የሰይድ።"

"ስለ እሳቸው እንኳ የተጻፈ አግኝተናል!" አለና ወደ ጓዳ ሮጠ።

ሰይድ የወረደው ለአንድ ወር ብሎ ነበር። አሰብ መርከብ በዝቷል፣ የጉልበት ሠራተኛ ተፈልጓል ተባለ። ሚስቱ ከድጃ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች፤ ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ ነበር የሚኖሩት። ለልጁ ልብስ ገዝቼ እመለሳለሁ ብሎ በላይነህ ከሚባል ሹፌር ጎን ተቀምጦ ሄደ። ነጭ ቴትሮን ሸሚዝ ነበር የለበሰው። ለአንድ ወር የሄደ ሰው ድንጋዩን እያየ ነው የሚሄደው፤ እሱም ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ "እህቴ፣ እንዳያስቀድሙብኝ!" ብሎ ጮኸልኝ።

መምህር ጌታቸው ሲመለስ ዘይት የጠጣ ደብተር ይዞ መጣ። የሹፌሩ ልጆች ከአባታቸው ሳጥን አግኝተው ለማኅበሩ የሰጡት ነው። በላይነህ የሄደበትን መንገድ፣ የጫነውን፣ ያጋጠመውን ሁሉ ይጽፍ ኖሯል። መምህሩ መነጽሩን አስተካክሎ አነበበልኝ። "ሰይድ በሙቀት ታሞ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። ከከተማው ዳር ከሙስሊሞቹ መቃብር ቀበርነው። ኮምቦልቻ ስደርስ ለእህቱ ለሐዋ ነገርኳት። ሚስቱ ስትወልድ ትነግራታለች።"

ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማ ነበር። ውስጡ ግን ጆንያው ሁሉ ጆሮ ያለው መሰለኝ።

"አላህ ይዘንላቸው" አለ መምህሩ። "እርስዎማ ያውቁታል።"

"አውቀዋለሁ" አልኩ። ያቺን ቃል በአፌ ሳወጣት የመጀመሪያዬ ነበር።

እሱ አልገባውም። ደስ ብሎት ነው የሚያወራው። ቅዳሜ የዚህ ቤት ምርቃት አለ። በአሰብ መንገድ ለቀሩት የሰፈሩ ልጆች እብነ በረድ ተቀርጿል፣ የሰይድም ስም አለበት። ደብተሩ በዚያችው ገጽ ላይ ተከፍቶ በመስታወት ውስጥ ይቀመጣል። "መጋረጃውን የሚገልጡት ደግሞ ወይዘሮ ከድጃ ናቸው፤ ከቦሩ ሜዳ በመኪና እናስመጣቸዋለን። ለጊዜው ድንገተኛ እንዲሆን ብዬ 'ስለ ባልዎ ነው' ብቻ ነው ያልኳቸው። በስልክ እንዴት እንደተደሰቱ ቢሰሙ!"

አሁን ያልተነገረውን ልናገር። በላይነህ የነገረኝ ከዋርካው ሥር፣ ብርጭቆ እያጠብኩ ሳለ ነው። አላለቀስኩም፤ ማልቀስ አልተፈቀደልኝም፣ ከድጃ ከግቢው በር ላይ ሆዷን ይዛ ቆማ ታየን ነበር። ለእርጉዝ ሴት መርዶ አይነገርም። ይህ የእኔ ሕግ አይደለም፣ የአገሩ ሕግ ነው። ወለደች፤ ሴት ልጅ፣ ራሕማ። ለአራስም አይነገርም፤ አርባዋ ይውጣ አልኩ። አርባዋ ሲወጣ ልጅቱ ታመመች። ስትድን ዒድ ደረሰ፤ በዒድ ማን ያረዳል? ከዚያ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ በላይነህም በሌላ አቅጣጫ መንዳት ጀመረና ሰፈራችንን አልረገጠም። ወሬውን የያዝኩ እኔ ብቻ ሆንኩ። ያደረ መርዶ እንደ ሊጥ ነው፣ በዋለ ቁጥር ይኮመጥጣል፣ በኮመጠጠ ቁጥር ማውጣቱ ያሳፍራል።

እስከዚህ ያለውን ማንም ሰው ይቅር ይለኛል። የሚቀጥለውን ግን እኔም ራሴን ይቅር አልልበትም። ራሕማ በሁለተኛ ዓመቷ የሰይድን ሳቅ መሳቅ ጀመረች። ያኔ አንድ የባቲ ነጋዴ፣ ደግ ሰው፣ ከድጃን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። እሷም ከልቧ አልጠላችውም፤ አይቻለሁ፣ ሻሽ ስታስተካክል አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ መጡ። "ሐዋ፣ አንቺ ፍርድ አዋቂ ነሽ። ስለ ሰይድ የሰማሽው አለ?" አሉኝ። ብናገር ከድጃ ሐዘኗን ተቀምጣ፣ የመበለትነት ጊዜዋን፣ ኢዳዋን፣ ጨርሳ፣ አግብታ ልጅቱን ይዛ ባቲ ትወርዳለች። የወንድሜ ሳቅ ከግቢዬ ይወጣል። እና በጣቴ ወደ ግንቡ አመለከትኩ። "ድንጋዩ በቦታው ነው" አልኩ። አልዋሸሁም። አንዲት ቃል አልዋሸሁም። ሽማግሌዎቹ ቡናማ ጃኬታቸውን አራግፈው ሄዱ። ከድጃም ለነጋዴው፣ "የባሌ ድንጋይ አልተነሳም" ብላ መለሰችለት። ወጣትነቷ በዚያ ግንብ ሥር አለቀ። ኋላ እናቷን ልትጦር ቦሩ ሜዳ ስትሄድ እንኳ ራሕማን ለትምህርቷ ብላ እኔ ጋ ተወቻት። ልጅቱን አሳደግኳት፤ ዛሬ ደሴ መምህርት ናት። የፈለግኩትን አገኘሁ።

ለመምህር ጌታቸው ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። "ያቺን ገጽ አትክፈታት" ብቻ አልኩት። "ሌላ ገጽ ክፈት። ስሙንም አውጣው።"

"ተቀርጿል እኮ እማማ።" ከዚያ አየኝ። ደብተሩን አየ። እንደገና እኔን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ሲወርድ መብራት ሲጠፋ ይመስል ነበር። "ወይዘሮ ከድጃ… አያውቁም?"

እጄን ደብተሩ ላይ ጫንኩ።

"ለእርስዎ ስል ገጹን ልዝጋው" አለ በዝግታ። "ስሙንም በወረቀት እሸፍነዋለሁ። አንድ ሰው ነው፣ ማን ያስተውላል? ለእርስዎ ስል።"

የለመንኩትን ነው የሰጠኝ። ነገር ግን "ለእርስዎ ስል" የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። በዚያ ሰፈር ስንቱን ሰው፣ "ለእኔ ስትይ አሳልፊኝ" ሲለኝ በማማሰያ አባርሬዋለሁ። "ተወው" አልኩት። "ክፈተው። እንዳለ ክፈተው።"

ማክሰኞ ስልኬ ጮኸ። ከድጃ ናት። ድምጿ የልጃገረድ ድምፅ ሆኗል። "እቴ ሐዋ! ሰምተሻል? ስለ ሰይድ ነው አሉኝ! ወሬ ተገኝቷል! ወላሂ ልቤ ነግሮኝ ነበር፣ ባሕር ማዶ ተሻግሮ ይሆናል እል አልነበር? ቅዳሜ ምን ልልበስ?" እኔም፣ "ደህና ልብስ ልበሺ" አልኳት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከጆሮዬ ሳላወርደው ብዙ ቆየሁ።

መርዶ የሚነገረው በሽማግሌ ነው፣ ማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። ሽማግሌ ብልክ ግን እነሱ ያረዱና እኔ ከኋላ ገብቼ አንገቷን አቅፌ አብሬ አለቅሳለሁ፤ እሷም እኔን ታጽናናለች። ያ ሁለተኛ ስርቆት ነው። ስለዚህ ሐሙስ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ ብቻዬን ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጭጋጉ መንገዱን ውጦት ሹፌሩ በጥሩምባ ነበር የሚሄደው። አጠገቤ የተቀመጠችው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ "እናቴ፣ ነጠላዎን እንዲህ የጠቀለሉት በብርድ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ደሴ ስደርስ የራሕማን ሰፈር በመስኮት አየሁት፤ አልወረድኩም። ተራው የእናቷ ነው።

ቦሩ ሜዳ ከመንገዱ ወደ ከድጃ ግቢ የሚወስደው አጭር ነው። ያን ዕለት አላልቅ አለኝ። በሩ ተከፍቷል። ከድጃ በረንዳው ላይ ሁለት እጇን ወደፊት ዘርግታ ተቀምጣለች፤ እስከ አንጓዋ እንሶስላ ለጥፋ፣ በጨርቅ ጠቅልላዋለች። እግሮቿንም።

"እቴ! ምነው በማለዳ? ነይ አጉርሽኝ እንጂ፣ እጄን አስሬ ቁርሴን አላየሁትም" ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየች። ሳቋ አልጠፋም፣ ባለበት ደረቀ። "ራሕማ ናት?"

"ራሕማ ደህና ናት።"

"ታዲያ ማነው?"

"ሰይድ ነው" አልኳት። "ሞቷል ከድጃ።"

"መቼ? አሁን ነው? የት ተገኝቶ?"

"ያኔ ነው። በሄደበት በወሩ፣ አሰብ። ቀብረውታል።"

"ማን ነገረሽ? የቅርሶቹ ሰዎች ናቸው?"

እዚህ ላይ፣ አዎ ብል ያልቅ ነበር። መንገዱ ክፍት ነበር፤ ሰፊ መንገድ ነበር። "ሹፌሩ ነገረኝ" አልኳት። "ራሕማን ሳትወልጂ።"

በጥርሷ ከግራ እጇ ላይ ጨርቁን መፍታት ጀመረች። ልረዳት ብጠጋ በክርኗ ገፋችኝ። እንሶስላው በቁራጭ በቁራጭ ወለሉ ላይ ወደቀ። ወደ ባልዲው ሄዳ እጇን ከተተች፣ በጆንያ ቁራጭ ፈተገችው። ኢዳ የምትቀመጥ ሴት እንሶስላ አትሞቅም። እንሶስላ ደግሞ አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ በፈተገችው ቁጥር ቀይ ሆነ። ውሃው ውስጥ እጇን እያየች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

"የባቲው ሰው ሽማግሌ ሲልክ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ድንጋዩ በቦታው ነው ያልሽው አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ።"

ቀይ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ገብታ ምንጣፉን ሳሎኑ መሐል አነጠፈች፣ ሻሿን ፈታች፣ ተቀመጠች። ከዚያ ቤቱን የሰነጠቀ አንድ ጩኸት ጮኸች። ጎረቤት ሁሉ ከየቤቱ ሲወጣ ይሰማል። ልገባ ወደ ደፍ ስራመድ እጇን አነሳችብኝ።

"አንቺ ከእኔ ጋር አትቀመጪም። አንቺ በር ላይ ቁሚ። የሚገባው ሁሉ ማን እንደሞተ፣ መቼ እንደሞተ፣ ለማን እንደተነገረ አንቺ ንገሪው። ለእኔ ያልነገርሽውን ለሰው ሁሉ ንገሪው። እኔ ጉሮሮዬን ለልቅሶ እፈልገዋለሁ።"

ፍርዱ ትክክል ነው። እኔም ብሆን እንዲሁ እፈርድ ነበር።

በሩ ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያዋ ጎረቤት ራሷን ይዛ እየሮጠች፣ "ምን ሆነች? ማን ሞተባት?" አለችኝ። ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጎኔን ሳትነካ አለፈች። ሁለተኛዋ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ሦስት ልጃገረዶች፣ የቁርኣን ተማሪ ደረሳ ያስከተሉ አንድ ሼኽ። ለሁሉም ነገርኩ። ድምፄ ሲወርድ ከውስጥ ከድጃ፣ "አልሰማሁም!" ትላለች። ጮክ አደርገዋለሁ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንቀጠቀጣል፤ ራሕማ ናት፣ አንድ ሰው ደውሎላት ይሆናል። ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ቅዳሜ ያለ እኛ ያልፍ ይሆን፣ ልጄ ብዬ ያሳደግኳት ልጅ በዚህ በር ስትገባ ምን ትለኝ ይሆን፣ ይህን ሁሉ ገና አላውቅም ነበር።

ከመንገዱ አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ እኔ ስትመጣ አየሁ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።